ጀቱ ለምን መሃል አይደርስም? 24 ትንንሽ ቀዳዳ ወይስ 10 ትልልቅ

ጥያቄውን የላኩት የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠሩ ሦስት ተማሪዎች ናቸው። ለአነስተኛ ጋዝ ተርባይን የሚሆን ክብ ኮምባስተር፣ ማለትም ነዳጁ የሚቃጠልበትን ክፍል፣ ነድፈዋል። የላይነሩ፣ ማለትም እሳቱን የሚይዘው የውስጠኛው ሲሊንደር፣ ዲያሜትር 120 ሚሊሜትር ነው። አየሩን ከሚያምቀው ከኮምፕረሰር የሚመጣው አየር 4 ባር ግፊትና 480 ኬልቪን ሙቀት አለው። በላይነሩ ግድግዳ ላይ የሚጠፋው ግፊት 3 በመቶ ነው። ነበልባሉን አልፎ የሚመጣው ጋዝ 1800 ኬልቪን ገደማ ሲሆን በሰከንድ 32 ሜትር ይጓዛል። ይህን ጋዝ ለማቀዝቀዝ በአንድ ረድፍ 24 ቀዳዳዎች በስተዋል፣ እያንዳንዳቸው 7 ሚሊሜትር። በየቀዳዳው ተወርውሮ የሚገባውን የአየር ዥረት ጀት እንለዋለን። የመውጫው አማካይ ሙቀት 1350 ኬልቪን ነው። ጥያቄያቸው እንዲህ ይላል፦

«ያለ እሳት በጭስ ስንሞክረው ጀቶቹ መሃል ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። በሲሙሌሽን እሳት ጨምረን ስናየው ግን መሃሉ 1700 ኬልቪን ሆኖ ይወጣል። ሲሙሌሽኑ ነው የተሳሳተው? ወይስ ቀዳዳዎቹን አጥብበን የአየሩን ፍጥነት እንጨምር? አንዳችን ደግሞ ቀዳዳው 36 ይሁን፣ በበዛ ቁጥር ይሻላል እያለ ነው።»

ሲሙሌሽኑ በዋናው ነገር አልተሳሳተም። ጭሱም አልዋሸም። ስህተቱ ሁለቱን ማወዳደራችሁ ላይ ነው። ቀዳዳ ማጥበቡ ሌላ ጣጣ ያመጣባችኋል። 36 ቀዳዳ ደግሞ ካሁኑም ይብሳል። የሚያዋጣችሁ ቁጥሩን መቀነስና ቀዳዳውን ማስፋት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ የሚወጣ ጭስ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ነፋስ በሌለበት ቀን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ነፋስ ሲኖር ትንሽ ከፍ ይልና ይታጠፋል። በላይነራችሁ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ጭሱ የእናንተ ቀዝቃዛ የአየር ጀት ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ከነበልባሉ የሚመጣው ትኩስ ጋዝ፣ እኛ መስቀለኛ ፍሰት የምንለው። ጀቱ ሳይታጠፍ ምን ያህል ዘልቆ እንደሚገባ የሚወስነው የሁለቱ ግፊያ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ግፊያ በፍጥነት ይለካዋል። እናንተም እንደዚያ ያደረጋችሁ ይመስለኛል። ትክክለኛው መለኪያ ግን የሞመንተም ምጥኔው ነው፣ ጄ እንበለው። የጀቱን ጥግግት በፍጥነቱ ካሬ ታባዛላችሁ። ለመስቀለኛው ፍሰትም እንደዚያው ታደርጋላችሁ። ከዚያ አንዱን ለሌላው ታካፍላላችሁ። በእናንተ ቁጥር ጀቱ በሰከንድ 91 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከ32 ጋር ሲነጻጸር 2.8 እጥፍ ነው፤ ካሬው 8። ነገር ግን ቀዝቃዛው አየር ከትኩሱ ጋዝ 3.75 እጥፍ ይከብዳል፣ ይህም 1800ን ለ480 ማካፈል ነው። ስለዚህ ጄ ወደ 30 ይሆናል።

አሁን የጭሱን ሙከራ አስቡት። እሳት የለም። ሁለቱም ወገን ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ክብደታቸው እኩል። ያው የአየር መጠን ሳይሞቅና ሳይስፋፋ ስለሚያልፍ በላይነሩ ውስጥ ያለው ፍሰት ቀርፋፋ ነው። 32 የነበረው ፍጥነት ወደ 8.5 ይወርዳል። ጄ ደግሞ ከ30 ወደ 112 ይዘላል። ጥልቀቱ የሚከተለው የጄን ካሬ ሩት ስለሆነ፣ በጭስ ያያችሁት ጀት በእሳት ጊዜ ከሚኖረው በእጥፍ ያህል ጠልቋል። ጭሱ መሃል ሊደርስ የተቃረበው፣ እሳት ሲኖር ደግሞ መሃሉ ያልተነካው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ ሙከራ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ዋጋ እንዲኖረው ግን ጄን እኩል ማድረግ አለባችሁ። የጀቱን አየር ከዋናው ለይታችሁ በሌላ ቧንቧ ስጡትና ጄ 30 እስኪሆን ቀንሱት። ያኔ የምታዩት ጭስ ለእውነታው ይቀርባል። ጄ እኩል ከሆነ የጥግግት ልዩነቱ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

ወደ ቀዳዳ ማጥበቡ ልምጣ። ሐሳቡ ከውሃ ጎማ የመጣ ነው፤ ጫፉን በጣት ስንጫነው ውሃው ይፈጥናል። ኮምባስተር ግን እንደዚያ አይሠራም። በላይነሩ ላይ አየር የሚገባበት መንገድ ብዙ ነው። አየሩን እያሽከረከረ የሚያስገባው ስዎርለር አለ፣ ነበልባሉ ያለበት የመጀመሪያው ዞን ቀዳዳዎች አሉ፣ የግድግዳ ማቀዝቀዣ ስንጥቆች አሉ፣ የእናንተ 24 ቀዳዳዎችም አሉ። ሁሉም የሚጋሩት አንድ የግፊት ልዩነት ነው። ጀቱ የሚወጣበትን ፍጥነት የሚወስነው ያ ልዩነት እንጂ የቀዳዳው ስፋት አይደለም። በ3 በመቶ ኪሳራ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳም 15 ሚሊሜትር ቀዳዳም አየሩን የሚያስወጡት በሰከንድ በዚያው 91 ሜትር አካባቢ ነው።

ታዲያ ብታጠቡት ምን ይሆናል? በእነዚያ ቀዳዳዎች የሚገባው አየር ይቀንሳል። የተረፈው አየር ወደ ሌሎቹ መንገዶች ይሄዳል፤ በተለይ ወደ መጀመሪያው ዞን። እዚያ ያለው የነዳጅና የአየር ምጥጥን ይሳሳል። የተርባይኑን ጭነት ስትቀንሱ ነበልባሉ የመጥፋት ዕድሉ ይጨምራል። የግፊት ኪሳራውም ትንሽ ከፍ ይላል። ሁሉንም መንገድ በአንድነት አጥብባችሁ ጠቅላላ ስፋቱን ግማሽ ብታደርጉት ደግሞ የግፊት ኪሳራው በአራት ይባዛል፤ ከ3 ወደ 12 በመቶ። ይህ ተርባይኑ ሊጠቀምበት የሚገባ ግፊት ነው። ኮምፕረሰሩ ደክሞ የሠራውን በግድግዳ ላይ ማፍሰስ ነው።

የቀዳዳው ስፋት ፍጥነቱን ካልቀየረ ምን ይቀይራል? ጥልቀቱን። አንድ ጀት በሚሊሜትር የሚዘልቀው ርቀት ከዲያሜትሩና ከጄ ካሬ ሩት ብዜት ጋር አብሮ ያድጋል። ቀጭን ጀት ቶሎ ይደክማል። ዙሪያው ከሆዱ አንጻር ሰፊ ስለሆነ ትኩሱ ጋዝ በፍጥነት ይበላዋል፣ ይጎትተዋል፣ ያጥፈዋል። ወፍራም ጀት ያንኑ ፍጥነት ይዞ ርቆ ይሄዳል።

ለክብ ላይነር የሚሠራበት ግምት አለ። የጀቱ ከፍተኛ ጥልቀት የጀቱን ዲያሜትር በጄ ካሬ ሩት፣ ያንን በ1.25 አባዝቶ፣ በመጨረሻም ትኩሱ ጋዝ ከጠቅላላው ፍሰት ባለው ድርሻ ማባዛት ነው። የጀቱ ዲያሜትር ስል ቀዳዳው ማለቴ አይደለም። አየሩ በስለታም ጠርዝ ሲወጣ ይጨማደዳል፤ ተራ ቀዳዳ ከወለል ስፋቱ (ከዲያሜትሩ ሳይሆን) የሚጠቀመው 0.6 ያህሉን ነው። ስለዚህ 7 ሚሊሜትር ቀዳዳ የሚሰጠው 5.4 ሚሊሜትር ጀት ነው። የእናንተ ትኩስ ጋዝ ድርሻ 66 በመቶ ገደማ ነው። ሲሰላ ጥልቀቱ 24 ሚሊሜትር ይመጣል። ራዲየሱ 60 ነው። ግማሽ መንገድ እንኳን አልሄደም። ሲሙሌሽናችሁ ላይ መሃሉ የሚግለው እዚህ ጋ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

24ቱን ወደ 36 ብታበዙና የአየሩን መጠን እንዳለ ለማቆየት ቀዳዳውን ብታጠቡ፣ እያንዳንዱ ወደ 5.7 ሚሊሜትር ይወርዳል። ጥልቀቱም ወደ 20 ሚሊሜትር። በግድግዳው ዙሪያ የሚያምር ቀዝቃዛ ቀለበት ይኖራችኋል፤ መሃል ላይ ደግሞ የጋለ ዘንግ። «በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ጓደኛችሁ ያሰበው ቅልቅልን እንደ ወንፊት ነው። ቅልቅል ግን ከመርጨት አይመጣም። ጀቱ ሲታጠፍ ከሆዱ በታች ጥንድ አዙሪት ይሠራል፤ ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ። ትኩሱን ጋዝ ከሥር አንስተው ወደ ጀቱ ውስጥ የሚያስገቡት እነሱ ናቸው። የጀቱ ቅርጽ ክብ መሆኑ ቀርቶ ኩላሊት የሚመስለውም በእነሱ ምክንያት ነው። ዋናው የመቀላቀል ሥራ ያለው እነዚህ አዙሪቶች በሚደርሱበት ቦታ ነው። ግድግዳ ላይ ከቀሩ ግድግዳውን ነው የሚያቀላቅሉት።

በነገራችን ላይ የተርባይን ብሌድ ላይ በፊልም ማቀዝቀዝ የሚሠሩ ሰዎች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። እዚያ ጄ በጣም ዝቅ ተደርጎ ጀቱ ከብረቱ ጋር እንዲጣበቅ ይደረጋል። ፊዚክሱ አንድ፣ ፍላጎቱ ተቃራኒ።

ቁጥሩ ስንት ይሁን ለሚለው ጥሩ መልስ አለ። በአሜሪካ የናሳ ሉዊስ ምርምር ማዕከል፣ ዛሬ ግሌን በሚባለው፣ ጄምስ ሆልድማንና ባልደረቦቹ ለዓመታት የጀት ረድፎችን በመስቀለኛ ፍሰት ውስጥ ለክተዋል። ያገኙት ነገር ቀላልነቱ ይገርማል። በቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት በቱቦው ቁመት አካፍሉት፣ በጄ ካሬ ሩት አባዙት። ከአንድ ወገን ለሚገባ ረድፍ ውጤቱ 2.5 አካባቢ ሲሆን ቅልቅሉ ከሁሉ ይሻላል። ከዚህ ግማሽ ካነሰ ጀቶቹ አይዘልቁም። እጥፍ ከሆነ ያልፋሉ። ለክብ ላይነር ሲመለስ እንዲህ ይሆናል፦ የጄን እጥፍ ካሬ ሩት በፓይ አባዝታችሁ ለ2.5 ስታካፍሉ የቀዳዳውን ቁጥር ታገኛላችሁ። ለእናንተ የ60 ካሬ ሩት 7.75 ነው። መልሱ 9.7 ይመጣል። አሥር ቀዳዳ። በ24 ቀዳዳ የእናንተ ቁጥር 1.0 ነው። ይህ «አይዘልቅም» ከተባለው መስመር በታች ነው።

ጠቅላላ ስፋቱ እንዳይለወጥ አሥሩ ቀዳዳ እያንዳንዱ 10.8 ሚሊሜትር መሆን አለበት። በዚያኛው ቀመር ጥልቀቱን ስታሰሉት 38 ሚሊሜትር ይወጣል። የድሮ ዲዛይነሮች የሚያነጣጥሩት የላይነሩን ዲያሜትር አንድ ሦስተኛ ነው፤ የእናንተ 40 ነው። ሁለት የተለያዩ መንገዶች እዚህ ያህል ሲቀራረቡ ልብ ይረጋጋል።

ግን እዚህ ላይ ጉጉት እንዳይወስዳችሁ። አራት ቀዳዳ ብታደርጉስ? እያንዳንዱ 17 ሚሊሜትር ይሆናል። ጥልቀቱ 60፣ ማለትም መሃል ለመሃል። አራቱ ጀቶች ይጋጫሉ። መሃል ላይ ቀዝቃዛ ክምር ይሠራሉ። በመካከላቸው ባለው ሰፊ ክፍተት ደግሞ ትኩሱ ጋዝ ሳይነካ በግድግዳው ጥግ ያመልጣል። የተጋጨው አየር ከፊሉ ወደ ኋላ ወደ ነበልባሉ ሊመለስ ይችላል። የሚጋጩ ጀቶች ደግሞ ጸጥ አይሉም፤ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛሉ። ስለዚህ ከ8 በታች አትውረዱ፣ ከ12 በላይም አትውጡ።

አሁን ስለ ግቡ። መሃሉ 1700 መሆኑ ምን ያህል መጥፎ ነው? ከከፍተኛው ሙቀት አማካዩን ቀንሱ፤ ኮምባስተሩ በጠቅላላ ለጨመረው ሙቀት አካፍሉት። 350ን ለ870፤ 0.40። ይህን ፓተርን ፋክተር ይሉታል። 0.25 ብታደርሱት ከፍተኛው ሙቀት 1570 አካባቢ ይሆናል። ለተማሪ ሥራ በጣም ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ለማሳነስ የምትከፍሉት በርዝመት ወይም በግፊት ነው። ለምን እንደሚያስጨንቀን ለማወቅ አንድ የቆየ ግምት ይበቃል፦ ብሌዱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በላይ ሲግል ዕድሜው በግማሽ ያጥራል ይባላል። ደግሞ ፍጹም እኩል ሙቀትም ዓላማ አይደለም። የሚሽከረከረው ብሌድ ሥሩ ላይ ትልቅ ውጥረት ይሸከማል፤ ስለዚህ ሥሩ ቀዝቀዝ እንዲል ይፈለጋል። ጫፉም እንዲሁ። ጥሩ የሙቀት ቅርጽ ከብሌዱ ቁመት መሃል ትንሽ ከፍ ብሎ ጉብ የሚል ነው። ፓተርን ፋክተሩ በዋናነት የሚመለከተው የማይንቀሳቀሱትን የመጀመሪያ ረድፍ ብሌዶች ነው። ትኩስ ነጥብ ሲመጣባቸው የሚሸሹበት የላቸውም።

ስለ ሲሙሌሽኑ በዋናው ነገር አልተሳሳተም ብያለሁ። በዝርዝሩ ግን ሳይሳሳት አይቀርም። የተጠቀማችሁት የፍሰትን ሁከት (ተርቡለንስ) የሚገምተውን ተራውን የኬ ኤፕሲሎን ሞዴል ከሆነ፣ ይህ ሞዴል የጀትን ቅልቅል አሳንሶ በመገመት የታወቀ ነው። እውነተኛው ጀት የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ሞዴሉ አማካዩን ብቻ ያያል። ብዙ ሶፍትዌር ለተርቡለንት ሽሚት ቁጥር 0.7 አስቀምጦ ይሰጣችኋል፤ ይህ ቁጥር ሲያንስ ሞዴሉ ጋዞቹን ይበልጥ ያቀላቅላል። ለእንዲህ ዓይነት ፍሰት ወደ 0.2 ሲወርድ ከሙከራ ጋር የተሻለ እንደሚገጥም የታየባቸው ሥራዎች አሉ። የሙቀት አቻው የሆነውን የፕራንድል ቁጥርም አብራችሁ አስቡት። ስለዚህ 1700 ያለው ምናልባት በእውነቱ ትንሽ ዝቅ ይላል። ግን ደስ የሚል ሥዕል እስኪመጣ ቁጥሩን አትጎትቱት። አንድ ጊዜ ምረጡና ሁለቱንም ዲዛይን በዚያው አስሉ። በዚህ ሞዴል የትኛው ይሻላል የሚለውን ማመን ይቻላል። ትክክለኛውን ዲግሪ ግን አትመኑት። አቅም ካላችሁ ትልልቆቹን አዙሪቶች በቀጥታ የሚያሰላው ኤልኢኤስ የሚባለው ዘዴ ይሻላል፤ የኮምፒውተር ጊዜው ግን ቀላል አይደለም።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። የመጀመሪያው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። አየሩ ወደ ቀዳዳው የሚመጣው በላይነሩና በውጪው ቆርቆሮ መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ነው። ያ መንገድ ከጠበበ አየሩ ሲሮጥ ቀዳዳውን አልፎ ሊሄድ ይፈልጋል። የሚገባውም ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ያዘነብላል። ያዘነበለ ጀት ደግሞ አይዘልቅም። የመንገዱ ስፋት ከቀዳዳዎቹ ድምር ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን። እኔ አንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ብቻ የሚታይ የጋለ መስመር ለሁለት ሳምንት አሳድጃለሁ። ነዳጅ መርጫውን ቀየርኩ፣ ስዎርለሩን ፈታሁ። ምክንያቱ በመጨረሻ ሲገኝ ከውጪ በኩል ከአንዱ ቀዳዳ ፊት የተበየደች የድጋፍ ብረት ነበረች። ያቺ ቀዳዳ አየር አጥታ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሆልድማን የለካው የማይሽከረከር ፍሰት ነው። ስዎርለራችሁ ጠንካራ ከሆነ ጋዙ እየተሽከረከረ ይመጣል፣ ጀቱንም ወደ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ አሥሩን መነሻ አድርጋችሁ 8ንም 12ንም በሲሙሌሽን ፈትኑ። የሦስቱ ጠቅላላ ስፋት አንድ መሆኑን ግን እንዳትዘነጉ፣ አለዚያ ንጽጽሩ ከንቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ረድፉን ወደ ነበልባሉ አታስጠጉት። ጠለቅ የሚል ቀዝቃዛ ጀት ገና ያልነደደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ካገኘ ያበርደዋል፣ ሳይቃጠል ይወጣል። ከቀዳዳው እስከ መውጫ ግን ቢያንስ አንድ ዲያሜትር፣ 120 ሚሊሜትር ይቅርለት። ከዚህ ካጠረ ምንም ያህል ቀዳዳ ብትመርጡ ቅልቅሉ ለማለቅ ጊዜ አያገኝም። ከእያንዳንዱ ትልቅ ጀት ጀርባ ደግሞ ትኩስ ጋዝ ወደ ግድግዳው ይሳባል። ከቀዳዳው በስተኋላ ያለው ብረት ቀለሙ ሲለወጥ ካያችሁ እሱ ነው። እዚያ ላይ የግድግዳ ማቀዝቀዣ ስንጥቅ እንዳይጎድል።

የቀዳዳ ቅርጽ ጉዳይም ይነሳ ይሆናል። ካሬ ይሁን ክብ ብዙ ለውጥ የለውም። ረጅም ጎኑ ፍሰቱን የሚከለክል፣ አግድም የተቆረጠ ስንጥቅ ግን ከክቡ ያነሰ ይዘልቃል። በክቡ ቆዩ። ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ እንደ አጭር አንገት ብታወጡት አየር የማሳለፍ ብቃቱ ከ0.6 ወደ 0.8 ሊወጣ ይችላል። ያኔ ግን በዚያው ቀዳዳ አንድ ሦስተኛ ተጨማሪ አየር ይገባል፤ ስፋቱን መልሳችሁ መቀነስ አለባችሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ከነበልባሉ በኋላ የሚገባ የማቀዝቀዣ አየር ላለው ኮምባስተር ነው። ናይትሮጅን ኦክሳይድን ለመቀነስ ነዳጅና አየርን ቀድመው የሚቀላቅሉ ትልልቅ የኃይል ማመንጫ ተርባይኖች አየራቸውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ከፊት ስለሚጠቀሙ እንዲህ ያለ ረድፍ እምብዛም አይኖራቸውም። ከእነሱ ሥዕል ወስዳችሁ ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሩ።

ስለዚህ ውሳኔው ይህ ነው። 24ቱን ቀዳዳ ተዉት። አዲስ ላይነር ቁረጡና አሥር ቀዳዳ በእኩል ርቀት በአንድ ረድፍ ብሱ። የመጀመሪያው ብስ 10.5 ሚሊሜትር ይሁን፤ ከሚፈለገው ስፋት 6 በመቶ ገደማ ያንሳል። በእሳት አስነሡና መውጫው ላይ ቴርሞካፕሉን (የሙቀት መለኪያውን) ከመሃል እስከ ግድግዳ በየ10 ሚሊሜትሩ አንቀሳቅሱ። ይህን ቢያንስ በአራት አቅጣጫ ድገሙት። መሃሉ አሁንም ከዳሩ ከጋለ ወደ 11 አስፉት፤ 11 ከስሌቱ የሚበልጠው በ3 በመቶ ብቻ ነው። መሃሉ ቀዝቅዞ ዳሩ ከጋለ ግን ቀዳዳውን አትንኩት፤ በሚቀጥለው ላይነር ቁጥሩን ወደ 12 አውጡት፣ ዲያሜትሩን ወደ 9.9 አውርዱት።